ጠጉር የሌለው ክር

እናቴ በዓለም ላይ ያለውን ክር ሁሉ ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ጠጉር ያለው ክርና ጠጉር የሌለው ክር። ጠጉር ያለው የምትለው እርስ በርሱ የሚያያዘውን፣ ጫፉ ቢለቀቅ እንኳ ተተርትሮ የማያልቀውን ነው። ጠጉር የሌለው ደግሞ «ከዳተኛ» ነው። የስፌት መኪና ክር ከዳተኛ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ የጥልፍ ክርም ከዳተኛ ነው። ፍርዷ ይግባኝ የለውም። የመንዝ ሴት ናት፤ ጌራ ምድር ተወልዳ መሐል ሜዳ አጠገብ ያደገች። እንዝርት ሳትይዝ ቁጭ ያለችበትን ቀን አላስታውስም።

መንዝን በስሙ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። አገሩ ከፍተኛ ደጋ ነው፤ ጓሳ ላይ ሲደርሱ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ወጥተዋል። ጥጥ አይበቅልም። ገብሱንም ቢሆን ውርጭ በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል። ሰዉ የሚተማመነው በበጉ ነው፤ አነስ ያለ፣ ላቱ ያጠረ፣ ጠጉሩ ሻካራ በግ። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ከዚያ ባና ይወጣል፣ ዝተት ይወጣል፣ ሽማግሌዎች የሚደርቡት ጥቁር በርኖስም ይወጣል። ጓሳ የሚባለው ሣር ራሱ የቤት ክዳንም ገመድም ነው፤ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ተከልሎ፣ ቀን ተቆርጦለት ሲፈቀድ ይታጨድ ነበር። እንግዲህ እናቴ ያደገችው የሚጠመዘዝና የሚጠቀለል ነገር ሁሉ በሰው እጅ በሚሠራበት አገር ነው።

አባባ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምረው ደብረ ብርሃን ላይ ጡረታ ወጡ። በቤታችን «ልጆቹን ያስተማረው የመምህሩ ደመወዝ ነው» ይባላል። ውሸት አይደለም። ግን ደብተሩ፣ የዩኒፎርሙ ጨርቅ፣ የዘመን መለወጫው ጫማ ከልቃቂት ይወጣ እንደነበር እኔና ወንድሜ እናውቃለን፤ ክሩን ቅዳሜ ገበያ ይዛ ስትሄድ ተከትለናታል። አባባ ይህንን አይክዱም፤ አያነሡትም እንጂ። እንግዳ ሲመጣ «በይ ያቺን እንጨት አስቀምጪያት» ይሏት ነበር። ታስቀምጣለች። እንግዳው ሲሄድ ታነሣለች። እሷ ደግሞ በተጋቡበት ዘመን ሁሉ «አንቱ» ብላ ነው የጠራቻቸው። የእሳቸው ባልንጀሮች ሚስቶቻቸው «አንተ» ማለት ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸው፣ የእኛ ቤት «አንቱ» አልተነቃነቀም።

በ2009 ዓ.ም. አባባን ደም ግፊት ጣላቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተነሡ፤ አነጋገራቸውም ተመለሰ፤ ግራ እጃቸው ግን ሰነፈ። ሐኪሙ እጁ ሥራ ካላገኘ እንደማይመለስ ነገረን። የምትጨበጥ ለስላሳ ኳስም ሰጡን። አባባ ኳሷን አንድ ሳምንት ጨበጡ፤ ከዚያ «ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው» ብለው መስኮት ላይ አስቀመጧት። እዚያው ቀረች።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይህንን ሲሰማ ሌላ ዘዴ አሰበ። አባባ ልጅ ሳሉ ጀማ ወንዝ ወርደው ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ሁልጊዜ ይነግሩናል። የስፌት መርፌ በእሳት አግለው ያጥፉና መንጠቆ ያደርጉታል፤ ክሩ ሲባጎ ነው። አንዳንዶቹ ልጆች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ላይ ይበትኑና ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቅሙ ነበር። አባባ ግን ያንን ይንቁታል። «ሌብነት ነው፤ ዓሣው አላየህም፣ አንተም አልታገልከውም» ይላሉ። ወንድሜ በ2010 መስከረም በሰው እጅ ዘንግና መዘውር ላከ። መዘውር የምለው ክሩ የሚጠቀለልበትን፣ በእጀታ የሚዞረውን መሣሪያ ነው። ወንድሜ በእንግሊዝኛው «ሪል» ይለዋል፤ አባባ ግን አንዴ መዘውር ብለውት ጸደቀ። የዚህ መሣሪያ ብልሃት አንድ ነው፤ ቀኝ እጅ ዘንጉን ይይዛል፣ እጀታውን የሚያዞረው ግራ እጅ ነው። ኳስ አልጨብጥም ያለ ሰው ዓሣ ለመጎተት ያዞራል ብሎ ነው ወንድሜ።

አሰበበትም፣ ሠራም። አባባ ጥቅምትን ሙሉ ግቢ ውስጥ ባዶውን ሲያዞሩ ከረሙ።

ኅዳር ላይ በእኔ መኪና ከአዲስ አበባ ተነሣን። በሙከጡሪ አድርገን፣ ለሚን አልፈን ቁልቁሉን ተያያዝነው። ያ ቁልቁለት ከብርድ ወደ ሙቀት የሚወስድ ደረጃ ነው፤ ላይ ጋቢ ደርበው የተነሡ ሰው ታች ሲደርሱ ሸሚዝ ይከብዳቸዋል። ክረምት ላይ ቀይ ሆኖ የሚያጓራው ጀማ በኅዳር ይጠራል፤ ድንጋዩ ይታያል። አባባ ጥልቅ የሚሉትን ቦታ መርጠው፣ መንጠቆው ላይ ትል ሰክተው ጣሉ። ቀኑ ረፈደ። ከዚያ ዘንጉ ጎበጠ።

ያየሁትን እንዳየሁት ልጻፈው። አባባ በግራ እጃቸው ማዞር ጀመሩ። እጀታው ይዞራል፣ ዓሣው ግን አይመጣም፤ እንዲያውም ክሩ ወደ ወንዙ እየሄደ ነው። ፍሬኑን አጠበቁት፤ መዘውሩ ልክ እንደ ብስክሌት ፍሬን አለው፣ ክሩ እየታገለ እንዲወጣ የሚያደርግ። እስከ መጨረሻው አጠበቁት። አሁንም እጀታው ይዞራል፣ ክሩ ይሄዳል። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። በኋላ ዘንጉ ድንገት ቀና አለ፤ ዓሣው ድንጋይ ውስጥ ገብቶ አምልጧል። አባባ ግራ እጃቸውን አዩት። «እጄ ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ስንመለስ ዳገቱን በሙሉ መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

ዘንጉ ቁምሳጥን ላይ ወጣ። ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። ቀድሞ ራሳቸው የሚቆልፉትን ቁልፍ እናቴ ትቆልፍላቸው ጀመር። በስልክ «አባባ እንዴት ነው?» ብሎ ወንድሜ ሲጠይቀኝ «ደኅና ነው» እለዋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ደኅና ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሐምሌ ላይ ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ዝናቡ አያቋርጥም፤ ሁላችንም ቤት ውስጥ ነን። እናቴ የእህል ጆንያ አፍ የምትሰፋበት ጠንካራ ክር ፈልጋ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ መዘውሩን ከቁምሳጥን አወረደችው። ጫፉን ይዛ ሳበች። ክሩ መጣላት። ግን እሷ ያየችው የሚመጣውን ክር አይደለም፤ በከራውን ነው። በከራው ቆሟል። በላዩ ላይ ያለው ክር ግን እንዳለ፣ እንደ አንድ ቀለበት ይዞራል። አውራ ጣቷን ክሩ ላይ አድርጋ ገፋችው፤ ተንሸራተተ።

«ኧረ ይሄ ክር አልያዘም!» አለች። «ራቁት እንዝርት ላይ ነው የተጠቀለለው። ማን ነው ይሄን የጠቀለለ?»

አባባ ከወንበራቸው ሲነሡ አየኋቸው። በስምንት ወር እንደዚያ ፈጥነው አልተነሡም።

መዘውሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። እኔ ጫፉን ጎተትኩ፣ አባባ ፍሬኑን አጠበቁ፤ ብረቱ ንቅንቅ አይልም፣ ክሩ ይዞራል። ደግመን አየነው፤ ሦስተኛም አየነው። የአባባ ግራ እጅ በኅዳር ሙሉ ሥራውን ሠርቶ ነበር። አባባ ይህንን በቃል አልተናገሩትም። ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጣቶቹን አንድ በአንድ አነሡ፣ አስቀመጡ።

ከዚህ በኋላ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ። አባባ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡ። ገጠር ያደገ ሰው የሚያውቀውን ነገር አነሡልን፤ የሚፈራገጥ ወይፈን በእጅ ተይዞ አይቻልም፣ መጫኛውን ግን ግንድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ካዞሩት አንድ እረኛ ልጅ ጫፉን ይዞ ያቆመዋል። ለምን ቢሉ እያንዳንዱ ዙር ጉልበትን ስለሚያባዛ ነው። መደመር ሳይሆን ማባዛት። ኦይለር የተባለው የስዊዝ ሊቅ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሒሳብ ነው፤ አባባ በቃላቸው ያውቁታል። በመጫኛውና በግንዱ መካከል ያለው መፋተግ 0.3 ነው እንበል አሉ። አንድ ዙር ጉልበቱን ከ6 እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ሦስት ዙር 285 እጥፍ ያደርሰዋል። አሁን ደግሞ ክሩ ለምላሳ ነውና መፋተጉን 0.07 እንበል። አንድ ዙር አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ፤ ሦስት ዙር አራት እጥፍ እንኳ አይሞላም።

«አገኘሁት» አሉ አባባ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። በከራው ላይ ያለው ሦስት ዙር አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ዙር ነው። አንድ ተኩልን መቶ ጊዜ በራሱ ብታባዙት የሚወጣው ቁጥር ወረቀቱ ላይ አይበቃም። በሒሳቡ ከሄድን ይህ ክር ዝሆን ቢጎትተው እንኳ መንሸራተት የለበትም። አባባ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ያላታለላቸው ሒሳብ አንድ የዓሣ ክር ላይ ሲያታልላቸው ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ያስቃል።

እናቴ እየፈተለች ነበር። ቀና ሳትል «ጫፉንስ ማን ይዞታል?» አለች።

«የምን ጫፍ?»

«አሁን እረኛው ልጅ ጫፉን ይይዛል አሉ አይደል። እዚህ ማን ይዞታል?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ይሰማኛል። አባባ መዘውሩን አንሥተው ክሩን እስከ ታች ፈታነው። ሥሩ ላይ አንዲት ቋጠሮ አለች። ቋጠሮዋም ልስልስ፣ በከራውም ልስልስ፤ ክሩ ሲዞር ቋጠሮዋም አብራ ትዞራለች። የያዛት ነገር የለም። አባባ ያንን ሁሉ እጥፍ ሲያባዙ የነበረው ማንም ያልያዘውን ጫፍ ነው። «ዜሮ!» አሉ፤ ጠረጴዛውን በቀኝ እጃቸው መቱት። «ዜሮ በሺህ ቢባዛ ዜሮ ነው! ይህንን ለአራተኛ ክፍል ልጅ አስተምሬዋለሁ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው አዩአት። ምን እንደሚሉ ጠብቄ ነበር። «ሻይ አለ?» አሉ።

ወደ ክሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩ ክሩ ነው። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ የሚያውቀው ነጠላው ናይለን፣ ያ ብርጭቆ የሚመስለው፣ ሲሳብ ይለጠጣል። ተወጥሮ ሲጠቀለልም ወደ ቀድሞው ለመመለስ ይሰበሰብና በከራውን ራሱ ጨብጦ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ቋጠሮው ቢሰንፍም አይታወቅም። ወንድሜ የላከው ግን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ገበያ የወጣው የተሸረበ ክር ነው። በሴት ልጅ ሹሩባ አምሳል ከአራት ወይም ከስምንት ዘለላ ይጎነጎናል። ዘለላው የሚሠራው ከፖሊኤትሊን ነው። ይህም ማለት የዘወትሩ ፌስታላችን የሥጋ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ሞለኪውሎቹ እጅግ ረጅም መሆናቸውና በአንድ አቅጣጫ ተዘርግተው መፈተላቸው ነው። ሆላንዶች ዳይኒማ ይሉታል፤ የአሜሪካኖቹ ስሙ ስፔክትራ ነው። በክብደት ከተመዘነ ብረትን ያስንቃል። የመርከብ ገመድና ጥይት የሚከላከል ሰደርያ ይሠራበታል። ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃ አይጠጣም፤ ቀለም እንኳ በወጉ ስለማይቀበል ጣት ላይ ይለቃል። አይለጠጥም፣ ስለዚህም አይጨብጥም። እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ይህን ሁሉ ገዝቶ ሲያበቃ ሰው የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ጠጉር የምትለው።

ማታ ለወንድሜ ደወልን። እዚያ አገር የታወቀ ችግር ነው አለ። አንዳንዱ ሰው በከራው ወገብ ላይ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያሽጉበትን ጥቁር ፕላስተር አንድ ዙር ይለጥፍና በላዩ ያስራል። ሌላው መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ናይለን ይጠቀልልና የተሸረበውን ከሱ ጋር ይቀጥላል። ከናይለኑ ሌላ ጥቅምም አለው፤ የተሸረበው ክር ቀጭን ስለሆነ በከራውን ለመሙላት ብዙ መቶ ሜትር ይፈልጋል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ከሥር ርካሽ ክር ካለ ውዱ ክር ላይ ላዩን ይቀመጣል። በከራውን የሚሸጡት አንዳንድ ፋብሪካዎችም ወገቡ ላይ ጎማ አድርገው ያወጡታል። ወንድሜ «ናይለን እልካለሁ» አለ።

እናቴ ከጎን ሆና ሰማች። ፕላስተሩን ሳትሰማ ጣለችው፤ «ጀማ ቆላ ነው፣ ሙጫው ይቀልጣል፣ ከዚያ መንሸራተቻ ነው የሚሆነው» ብላ። (ሙቀት ላይ ሙጫ እንደሚፈስ በኋላ ከዓሣ አጥማጆችም ሰምቻለሁ።) ናይለኑን ደግሞ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና ልቃቂት ይዛ ወጣች። የመንዝ በግ ጠጉር፣ ሁለት ሆኖ የተከረረ፣ ጥቁር።

አባባ ተቃወሙ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፦ የበግ ጠጉር የዚህን ክር አሥረኛ ጉልበት የለውም፤ ዓሣው ክሩን ጨርሶ ሥሩ ላይ ከደረሰ ይበጥሰዋል። ከዚያ ራሳቸው መለሱት። በላዩ መቶ ሃምሳ ሜትር ክር አለ። የጀማ ዓሣ መቶ ሃምሳ ሜትር የሚሸሽበት ምክንያት የለውም። ሥሩ ያለበት ሥራ መሸከም አይደለም፣ መያዝ ብቻ ነው። «ይሁን፣ እንሞክረው» አሉ።

እናቴ የሠራችውን በቅርብ ስላየሁ ልንገራችሁ፤ ይጠቅመው ሰው ይኖር ይሆናል። መጀመሪያ የበከራውን ወገብ በአመድና በእርጥብ ጨርቅ ፈገፈገችው፤ የፋብሪካ ቅባት አለበት። «አዲስ እንዝርትም እንዲሁ ያንሸራትታል» አለች። ከዚያ የጠጉሩን ክር አራሰችውና ጫፉን በወገቡ ላይ አጋድማ፣ በላዩ ላይ መጠምጠም ጀመረች፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያስተላለፈች። ሸማኔ ቀሰም ሲያጠነጥን እንደሚያደርገው፣ ዙሩ ራሱ ጫፉን እየረገጠ ይሄዳል። ቋጠሮ አላደረገችም። ሃያና ሠላሳ ዙር ከሄደ በኋላ ጎተተችው፤ ንቅንቅ አላለም። ጠጉር ሲርስና ሲጨመቅ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ በርኖስን ዝናብ የማያልፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ የተሸረበውን ክር ጫፍ ሁለት አድርጋ አጠፈችውና በጠጉሩ ክር ላይ ሰባት ስምንት ጊዜ ጠምጥማ፣ ጫፉን በቀዳዳዎቹ መልሳ አሾልካ አጠበቀችው። ነጠላውን ብታስር ይሾልካል። ወንድሜ ይህንን ቋጠሮ በቪዲዮ ሲያይ ስም አለው አለ፤ ስሙን ግን እኛ ቤት ማንም አልያዘውም።

አሁን ቀሪው መጠቅለል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ክሩን ወጥሮ ይይዛል። ላልቶ የተጠቀለለ ክር ሁለተኛ ጣጣ አለው፤ ዓሣው ሲጎትት ላይኛው ዙር በታችኛው ውስጥ ሰምጦ ይቀረቀርና ሲወረወር አይወጣም። ውጥሩን በባዶ እጅ መያዝም አይቻልም፤ ይህ ክር ጣት ይቆርጣል። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ክሩም በውኃው ይረጋጋል፣ ጣትም ይተርፋል። የሚያዞሩት አባባ ናቸው፣ በግራ እጃቸው። የምትይዘው እናቴ ናት። እኔ የፈታነውን ክር እንዳይጠላለፍ ሳፋ ውስጥ እጠብቃለሁ።

ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድን ሥራ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። እሳቸው ደብተር ሲያርሙ፣ እሷ ስትፈትል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አገር ነበሩ። መጀመሪያ ሃያ ሜትር ያህል በጸጥታ ሄደ። ከዚያ አባባ ደከሙ፣ ቀስ አሉ፣ ክሩ ረገበ፣ እናቴም ጮኸች፦

«አላላኸው!»

አላላኸው። አላሉት አይደለም። ሳፋዬ ላይ አቀረቀርኩ። በአርባ ዓመት ውስጥ ከአፏ ያልወጣች «አንተ» ዝም ብላ መሬት ላይ ወድቃ ሁላችንንም የምታየን መሰለኝ። እናቴ ራሷ ያወቀችው አይመስለኝም፤ ዓይኗ ክሩ ላይ ነው፣ የደዋሪ ዓይን ነው፣ ባል የለ መምህር የለ። አባባ ቆሙ። ቀና ብለው አዩአት።

«እሺ» አሉ። «አሁንስ?»

«አሁን ጥሩ ነው። እንዲህ ሂድ።»

ሄዱ። ሲደክማቸው ያርፋሉ፤ ጨርቁ ሲደርቅ እኔ አርሰዋለሁ። ከከንፈሩ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቆሙ፤ እስከ ጠርዝ ከሞላ ክሩ ሲወረወር በክምር ይወጣና ይተበተባል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። ኳሷ መስኮት ላይ ሆና ስታይ ነበር። ማዕድ ሲቀርብ እናቴ «እንጀራ ይጨመርልዎ?» አለች፤ «አንቱ» ወደ ቦታው ተመለሰ። አባባ ግን ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ይህ የእኔ ግምት ነው።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ እንዝርቱ አይነሣም። ማንም ይነሣ ወይም አይነሣ ብሎ አልተነጋገረም። አንድ ቀን የአባባ የሥራ ባልደረባ መጥተው፣ አባባ ስለ መዘውሩ ሲያስረዱ «መጀመሪያ ሥሩን ጠጉር ታለብሰዋለህ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለአርባ ዓመት የሚያውቁት ነገር ይመስል። እናቴ በእንዝርቷ ላይ ሆና ፈገግ አለች፤ ምንም አላለችም።

በ2011 ኅዳር፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ እንደገና ጀማ ወረድን። ቀኑን የመረጡት አባባ ናቸው፤ እናቴ በጾም ዓሣ አትቀምስም፣ እሳቸው ደግሞ ይበላል ባይ ናቸው፣ ያ ክርክር በቤታችን ገና አላለቀም። ጠዋት ምንም አልያዘም። ከሰዓት በኋላ ዘንጉ ጎበጠ፤ ፍሬኑ ጮኸ። ባለፈው ዓመት ያልሰማነው ድምፅ ይህ ነበር፤ ክሩ ሲይዝ በከራው ራሱ እየታገለ ይዞራል፣ ያንቋርራል። አባባ ዓሣው ሲሄድ ለቀቁት፣ ሲያርፍ አዞሩ። ግራ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ሄጄ ልያዝላቸው ብዬ አንድ እርምጃ ስራመድ «ቁሚ» አሉኝ። ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ የአጎቴ ልጅ አሥር ደቂቃ ነው ይላል፣ ለእኔ ቅዳሴ ነው የመሰለኝ። አምባዛ ነበር፤ ጢሙ የረዘመ፣ ጭቃ የመሰለ፣ የማያምር ዓሣ። አባባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ግራ እጃቸውን ሲያፍታቱ ቆዩ። ከዚያ መዘውሩን አነሡና ክሩን በአውራ ጣታቸው ገፉት። አልተነቃነቀም።

እጃቸው ዛሬም ሙሉ አይደለም። የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ አሁንም እናቴ ናት የምትቆልፍላቸው፤ የቀሩትን ራሳቸው ይቆልፋሉ። ወንድሜ የላከው ናይለን ደርሶ እሽጉ ሳይፈታ ተቀምጧል። እናቴ የእህል ጆንያዋን በምን እንደምትሰፋ አልጠየቅኳትም።

ያንን ዓሣ ይዘን ደብረ ብርሃን የገባነው በምሽት ነው። እናቴ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ወንዙ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ቁልቁለቱ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ውኃው ዳር ጥላ ይኑር አይኑር ጠየቀችኝ። ጀማን በዕድሜዋ አይታው አታውቅም። ለመጪው ኅዳር ተረከዙ የማያንሸራትት ጫማ እንድገዛላት ነግራኛለች፤ ቁጥሯ 37 ነው።